በወንድም ደጅ ማለፍ

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ የሚባል ስፍራ አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የታነጸው ይህ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት በአርበኞች እጅ ተቆረጠ። መካከሉ ጎድሎ ሁለቱ ጫፎች ተፋጥጠው ቀሩ። ገበያ ግን አልቀረም፤ ዘመድም አልቀረም። የሞጣ ሰው ወደ አንዳቤት፣ የአንዳቤት ሰው ወደ ሞጣ ለስድሳ ዓመት ያህል የተሻገረው በገመድ ነበር። በወዲህም በወዲያም ጫፍ ጠንካራ ጎልማሶች ገመዱን ይዘው ይቆሙ ነበር። ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ያስርና ከተቆረጠው ቅስት አፋፍ ራሱን ይለቃል፤ ከፊቱ ያሉት ይስቡታል፣ ከኋላው ያሉት እያላሉ ይሰዱታል። ከእግሩ ሥር ዓባይ ይጮኻል።

ገመድ መያዝ ሥራ ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል፣ የእርሻ ቀን ያስፈታል። ገመድ ያዡ ለድካሙ ዋጋ ቢቀበል ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ተሻጋሪው አፋፉ ላይ የተስማማበትን ዋጋ ወንዙ መካከል ተንጠልጥሎ ሳለ እጥፍ አድርግ ቢባል ምን ያደርጋል? እሺ ማለቱ አይቀርም። ያ እሺታ ስምምነት ነው ወይስ ዘረፋ? ከነጭራሹ ገመዱን አልይዝም ማለትስ መብት ነው ወይስ ኃጢአት? ሰው በወንድሙ ደጅ ለማለፍ ምን ይከፍላል፣ ባለደጁስ ምን ሊጠይቅ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነው።

የእነማይ ገበሬ ነጭ ጤፉን ጭኖ ቢቸና ገበያ ሲወጣ ባሕር በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ማሳው ግን በባሕር መንገድ የሚኖር ነው። ማዳበሪያው ከሞሮኮና ከሌሎች አገሮች በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላና በባቡርም በተሳቢም ወደ መሀል አገር ይገባል። ከአዲስ አበባ የተነሳው መኪና የጎሐ ጽዮንን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የደጀንን ዳገት ከወጣ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ሞጣ። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው። ገበሬው ዛሬም ዳፕ እያለ የሚጠራው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር መሬት መግባት አለበት፤ ነሐሴ ሲጋመስ የደረሰ ጆንያ ለዚያ ዓመት ጤፍ እምብዛም አይረባም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ማዳበሪያ ያጡ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። የዚያ ዓመት እጥረት ምክንያቱ ከግዥ እስከ ሥርጭት የተሰናሰለ ስለነበር ወደቡን ብቻ መክሰስ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ የመርከብ ቀጠሮ ሲዛነፍ ጉዳቱ መጨረሻ የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ያልታየው ሰው የለም።

ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ከሆኑት ከ40 በላይ አገሮች በሕዝብ ብዛት ትልቋ ናት። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ ያልፋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጭነት በአሰብ ይገባ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ መኪናውም ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ጉዳይ ከቆየ ቅሬታነት አልፎ የመንግሥት ቀዳሚ አጀንዳ ሆኗል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ሶማሊያ ተቆጣች፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በቱርክ አሸማጋይነት አንካራ ላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት መግለጫ አወጡ። በየመድረኩ የሚነሳው ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕግና ስለ ህልውና ነው። ስለ ወንድምነት የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ የሚናገርም ቢኖር ወንድምነቱን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ይህን የወንድምነትና የመንገድ ጥያቄ ለመመርመር የሚያንስ አገር አይደለም። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ወደ ሞጣ ሲኬድ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ደግሞ መርጡለ ማርያም። ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ሲመላለስባቸው፣ ቅኔ ሲቆጠርባቸውና መጻሕፍት ሲተረጎሙባቸው የኖሩ ደብሮች ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከሚነገሩት የብሉይ ኪዳን ታሪኮች አንዱ የኤዶም ታሪክ ነው።

ኦሪት ዘኁልቍ እንደሚተርከው እስራኤል ከግብፅ ወጥተው ቃዴስ ሲደርሱ ሙሴ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኞች ላከ። እስራኤል ከያዕቆብ፣ ኤዶም ከዔሳው ስለሆኑ መልእክቱ የሚጀምረው ወንድምነትን በመጥራትና የተጓዡን መከራ በመዘርዘር ነው። ጥያቄው ልክ አለው። በእርሻ አይገቡም፣ በወይን ቦታ አያልፉም፣ ከጉድጓድ አይቀዱም፤ የሚሄዱት በንጉሡ መንገድ ብቻ ነው። ኤዶም እንቢ አለ። ሁለተኛ ተላከበት፤ እኛም ከብቶቻችንም ውኃ ብንጠጣ እንከፍላለን ተባለ። ኤዶም ሠራዊት አሰልፎ ወጣ። እስራኤል ያን ሁሉ ሕዝብና መንጋ ይዘው ዞረው ሄዱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፍያ ወንድምነትን አላረከሰውም። የአንድ አባት ልጆች ናቸውና በነፃ እንለፍ ያለ የለም፤ ውኃ ሳይቀር በዋጋ ተጠይቋል። በረሃ ላይ ውኃ ሀብት ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈረ፣ ያጠራ፣ የጠበቀ ሰው አለው። ዋጋ መክፈል ያንን ድካም ማወቅ ነው። ኤዶም የሚወቀሰውም አስከፈለ ተብሎ ሊሆን አይችልም፤ ልክ ያለውን፣ ዋጋ የተቆረጠለትንና ጉዳት የሌለውን መተላለፊያ መዝጋቱ ነው ጥፋቱ።

ኦሪት ዘዳግም ደግሞ ይህንኑ ጉዞ ከሌላ ወገን ያነሳዋል፤ ለዛሬው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ እስራኤል በዔሳው ልጆች ዳርቻ ሊያልፉ ሲሉ የሚሰጣቸው ትእዛዝ፣ እነርሱ ይፈሯችኋልና እናንተ ተጠንቀቁ የሚል መንፈስ ያለው ነው። ከምድራቸው የጫማ መርገጫ ታህል እንኳ አልተሰጠቻችሁም፤ ሴይር የዔሳው ርስት ነው፤ መብልም መጠጥም በገንዘብ ግዙ ይላል ሐሳቡ። የሚፈራው ትንሹ ወገን ነው፤ ጥንቃቄው የታዘዘው ደግሞ ለትልቁ፣ ለብዙው፣ ለተቸገረው። ችግርም ሆነ ብዛት በሰው ርስት ላይ መብት አይሰጥም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካላት ጎረቤቷ ጋር ስትነጋገር የሚሰማውን ድምፅ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ማዳመጥ እንዴት እንደሆነ ማሰብን ይጠይቃል።

ትእዛዙ በዚህም አያበቃም። በ23ኛው ምዕራፍ፣ መንገድ የከለከለው ያ ኤዶም፣ ወንድምህ ነውና አትጸየፈው ተብሎለታል፤ የልጅ ልጆቹም ወደ ማኅበረ ምእመናኑ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል። እንቢታው አልተረሳም፤ ለዘላለም ጠላትነት ግን ምክንያት አልሆነም።

ከኤዶም በኋላ የመጣው የአሞራውያን ንጉሥ ሴዎን ነው። ለእርሱም ተመሳሳይ ልመና ተላከ፤ እርሱም ከለከለ፤ ጦርነት ሆነ፣ ምድሩም ተወሰደ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኦሪት ላይ በጻፈው የጥያቄዎች መጽሐፉ ይህን ጦርነት ፍትሐዊ ያደረገው ጉዳት የሌለው ማለፊያ መከልከሉ እንደሆነ ገልጿል። ከእርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ሁጎ ግሮሽየስ እ.ኤ.አ. በ1625 ባሳተመው የጦርነትና የሰላም ሕግ መጽሐፉ ይህንኑ ይዞ፣ ምድርም ወንዝም ባሕርም በጎ ምክንያት ላለው አላፊ ክፍት ሊሆን ይገባል ሲል ተከራክሯል። የሁለቱ ሊቃውንት ክርክር ግርማ ያለው ቢሆንም በዚህ ነጥብ ላይ ከታሪኩ ፊደል ይርቃል። ዘኁልቍ በግልጽ እንደሚለው ሴዎን ሕዝቡን ሰብስቦ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ እስራኤልን የወጋው ራሱ ነው። ኤዶምም ከልክሏል፤ ግን አልወጋም፣ አልተወጋምም። ለጦርነቱ መነሻ የሆነው የሰይፉ መመዘዝ እንጂ የበሩ መዘጋት አልነበረም። ይህን ልዩነት ማጥፋት በየዘመኑ ደም አስከፍሏል፤ ወደብ ለማግኘት መዋጋት ቅዱስ ነው የሚል ሁሉ የሚንደረደረው ከዚህ የተሳሳተ ንባብ ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ በመጨረሻ ያረፈበት ቦታ ለኤዶሙ ልመና ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ ስለ መተላለፊያ ነፃነት ስምምነት ተደረገ። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በ125ኛው አንቀጽ ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት ምድር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን ከባለምድሩ ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል፣ የባለምድሩ ሉዓላዊነትም ይጠበቃል። በ127ኛው አንቀጽ ደግሞ በሚያልፍ ዕቃ ላይ ለተሰጠ አገልግሎት ከሚከፈል ክፍያ በቀር ቀረጥም ግብርም አይጣልም ይላል። ይህ አንቀጽ ሰባራ ድልድይ ላይ ቢነበብ በቀላሉ ይገባል፤ ለገመድ ያዡ ጉልበት ይከፈላል፣ ለወንዙ ግን አይከፈልም፤ ወንዙን ማንም አልሠራውም።

ዋጋ መቼ ፍትሐዊ እንደሚሆን ለማየት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ይጠቅማል። በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ድረስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች በአገው አለቃ በኩል አልፈው ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር እንደሚወርዱ ጽፏል፤ አገሩን ብዙዎች ወደ ቤኒ ሻንጉል አካባቢ ይወስዱታል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ሲደርሱ እሾህ ሰብስበው አጥር ያጥሩና በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። ከዚያ ፈቀቅ ይላሉ። ባለአገሮቹ ይመጡና ከፈለጉት ቁራጭ ጎን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ወርቅ አስቀምጠው ይርቃሉ። ባለሥጋው ወርቁ በቂ መስሎ ከታየው ያነሳዋል፤ ካልመሰለው ሳይነካው ይመለሳል። ባለወርቁም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ዳኛ የለም፣ ዘብ የለም፣ ውል የለም።

ይህ ግብይት ያለ ቋንቋና ያለ ዳኛ የሚሠራው ሁለቱም ትተው መሄድ ስለሚችሉ ነው። ወርቁን አንስቶ መመለስ የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ ዝምታው ሌላ ትርጉም በያዘ ነበር። ገመድ ላይ ያለ ሰው ትቶ መሄድ አይችልም። ሐምሌ የደረሰበት ገበሬም አይችልም። አንድ ወደብ ብቻ ያላት አገርም እንደዚሁ። እንዲህ ባለ ቦታ በገበያ ተስማማን የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋን ፍትሐዊ አያደርገውም። ሌላ መሠረት ያስፈልገዋል፤ መሠረቱም ጉዞ ሳይጀመር የታወቀ፣ ለሁሉ እኩል የሆነ፣ አላፊው መካከል ላይ ሳለ የማይለወጥ ታሪፍ ነው። ዋጋው ከፍ ማለቱ ከባድ ነው፤ ተለዋዋጭ መሆኑ ግን ከዚያ የባሰ በደል ነው። የቢቸና የእህል ነጋዴ ውድ ኪራይ ቢነገረው ሒሳቡን ሠርቶ ይገባበታል ወይም ይተወዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ የሚጨመርበትን ግን ሊያሰላ አይችልም።

ቀይ ባሕር ራሱ በዚህ ረገድ ብዙ አስተምሯል። ባብ ኤል መንደብ ከ30 ኪሎ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለው ሰርጥ ነው፤ የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች በጀልባና በሳምቡክ ሲመላለሱበት ሺህ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው በሹዐይባ በኩል ወደ ሐበሻ ሲሻገሩ የያዛቸው የንግድ ጀልባ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው አል-ጦበሪ እንደመዘገበው የመሻገሪያው ዋጋ ግማሽ ዲናር ነበር። ስደተኞቹ ከፈሉ፣ ጀልበኛውም አደረሳቸው። ቁረይሾች ተከትለው መልእክተኞች ላኩ፤ ለሐበሻው ንጉሥና ለመኳንንቱ የተለፋ ቆዳ እጅ መንሻ አቅርበው ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ ሁለቱን ወገን ከሰማ በኋላ እጅ መንሻውን መልሶ ሰደዳቸው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ውስጥ መሻገሪያው ዋጋ ነበረው፣ መጠጊያው ግን አልተሸጠም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዚያ ንጉሥ ክብር ነው፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ እስከ ዛሬ የሚወሳው በዚህ ነው።

ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በበርበራና በኤደን መካከል ሌላ ሥርዓት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በርበራ ላይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ከያዙ በኋላ ሥጋቸው በአብዛኛው ከዚሁ ዳርቻ በጀልባ ይሻገርላቸው ነበር። ወደ በርበራ የሚመጣ ባዕድ ነጋዴ አባን የሚባል የአገር ሰው መያዝ ነበረበት። አባኑ ደላላም፣ ዋስም፣ ጠባቂም ነው፤ ድርሻውን ይቀበላል፣ በእንግዳው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግን ጎሳው ሳይቀር ተጠያቂ ይሆናል። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ያየውን ሲጽፍ አሠራሩን ብዝበዛ አድርጎ ነቅፎታል። ነቀፌታው ከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አባን ገንዘብ ሲቀበል ኃላፊነትም አብሮ ይቀበል ነበር። ዛሬ በብዙ ኬላ ላይ የጠፋው ይህ ሁለተኛው ነው።

ቁርአንም ለንግድ መንገድ ሰላም የተለየ ቦታ ሰጥቷል። የቁረይሽ ሱራ የሚያነሳው የክረምትና የበጋ ሲራራ ጉዞን ነው፤ ያ ጉዞ በደህና መመላለሱ ከረሃብና ከፍርሃት የተጠበቁበት የአምላክ ጸጋ ነውና ስለዚህ እርሱን ያምልኩ ይላል መልእክቱ። የአል-ሙጠፊፊን ሱራ ደግሞ ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ይገሥጻል። የጎጃም ሙስሊም ነጋዴዎች ይህን ተምረው ያደጉ ናቸው። የዓባይን በረሃ ተሻግረው ከጉድሩ ጋር ይገበያዩ የነበሩት፣ የባሶን ገበያ በአሞሌ ጨው፣ በቡናና በወርቅ ያደመቁት በአብዛኛው እነርሱ ነበሩ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ከአገር ውስጥም ከውጭም ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተዋጥቷል። የተቃጠለው ግን ከዕቃም በላይ ነው፤ አንድ ነጋዴ በጎረቤቱ ደጅ ሱቅ ከፍቶ ሲያድር የሚተማመንበት ያልተጻፈ ዋስትና አብሮ ተቃጥሏል። በባሕር ዳርቻ ካሉ ጎረቤቶች ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ስለዚህም ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል።

ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሚዛን አይኑርህ የሚል ሕግ አለው። ቢቸና ገበያ ላይ ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሲገዛ የሚሰፍርበት ቁና ሰፊ፣ ሲሸጥ የሚሰፍርበት ጠባብ የሆነ ሰው ስሙ ቶሎ ይጠፋል። በአገሮች መካከል ግን ሁለት ቁና መያዝ እንደ ብልሃት ይቆጠራል።

ኢትዮጵያ በምሥራቅ በኩል አላፊ ናት፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ባለደጅ። የቢቸናና የሞጣ ደጋ ዝናብ በሙጋና በሱሃ፣ በሌሎችም ወንዞች እየወረደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የተሠራው ባለደጅም በራሱ ደጅ የመሥራት መብት አለው በሚል ነው። መብቱ እውነት ነው። ጅቡቲም ኤርትራም ሶማሊያም በየዳርቻቸው ያላቸው ይኸው መብት ነው። በወንዙ ላይ የታችኞቹ አገሮች የሚጠይቁት በድርቅ ዓመት ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ የታወቀ ዋስትና ነው፤ በባሕሩ ላይ ኢትዮጵያ የምትጠይቀውም በክፉ ዓመት በሩ እንደማይዘጋ የታወቀ ዋስትና ነው። በአንዱ ቦታ ሉዓላዊነትን፣ በሌላው ህልውናን ብቻ እየጠቀሱ መከራከር በሁለት ቁና መስፈር ይሆናል። ግብፅም እንዲሁ ከዚህ ፍርድ አታመልጥም፤ ሱዌዝን የሚያክል መተላለፊያ ይዛ፣ ለሚያልፈው መርከብ ሁሉ ታሪፍ አውጥታ እያስከፈለች፣ የላይኛው አገር በወንዙ ላይ ያለውን መብት መካድ አይቻላትም።

ከጅቡቲ ጋር ያለው ግንኙነት ስንት ቅሬታ ቢኖርበትም አንድ በጎ ነገር አለው፤ ጥገኝነቱ በሁለቱም ወገን ነው። የጅቡቲ ወደብ አብዛኛው ሥራው የኢትዮጵያ ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሶማሌ ክልል ካለው አዲጋላ የተቆፈረ ውኃ በቧንቧ ይወርድላታል። ሙሴ ከኤዶም ውኃ በዋጋ ለመነ፤ እዚህ አላፊው ለባለደጁ ውኃ ይልካል። ሁለቱም በየፊናቸው ገመድ ያዥም ተሻጋሪም ሆነዋል።

መርጡለ ማርያምን ያሳነጸችው ንግሥት እሌኒ ይህን ዓይነቱን ዝምድና አስቀድማ ያየች ይመስላል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማቴዎስን መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ስትልክ ያቀረበችው ሐሳብ፣ እኛ በባሕር ላይ ኃይል የለንም፣ በምድር ግን ስንቅና ሰው አለን የሚል ነበር። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። የጎደላትን ሳትደብቅ፣ ያላትን ዘርዝራ የጻፈች ንግሥት ናት። በእርግጥ ዓላማዋ የጦር ወዳጅነት ነበር፤ ይህም መታወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በአገር ውስጥ ያለው ገመድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከባሶ ተነስቶ በጎንደር በኩል ምጽዋ ለመድረስ የሚሄድ ሲራራ ነጋዴ በየጌታው ደጅ ኬላ ይጠብቀው ነበር፤ ዕቃው ባሕር ሳይደርስ ዋጋው በቀረጥ ያብጣል። ያ ዘመን አለፈ ሲባል ተመልሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዶችን ደጋግሞ ዘግቷል። ክፍት በሆኑ ቀናትም ጭነት መኪና በየቦታው ገመድ ይወጠርበታል፤ ገንዘብ ይጠየቃል፣ የሚጠየቀውም ልክ የለውም። ዛሬ የተከፈለበት ነገ አያሳልፍም። ደረሰኝ የለም፤ ተቀባዩ ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ለሚደርሰው ነገር አይጠየቅም። ሾፌር ሕይወቱን፣ ነጋዴ ጥሪቱን፣ ገበሬ የዘር ወቅቱን ያጣል። የገዛ ወንድሙን በገዛ መንገዱ የሚያስከፍል ሰው የትኛውም ወገን ይሁን፣ ምክንያቱም ምንም ይሁን፣ ኤዶምን እንኳ አይመስልም፤ ኤዶም ከለከለ እንጂ ውሉን መካከል ላይ አላፈረሰም።

የቅርብ ጊዜው የሰሜን ታሪክ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ መቀሌ የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ ወደ ቻይና የሚሄድ 11 ሺህ ቶን ያህል ዚንክ ልትጭን ምጽዋ ገባች፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል የኤርትራ ድንበር ተከፈተ። ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። በማግስቱ ንግዱ ተጀመረ፤ ጤፍና ሲሚንቶ ወደ አስመራ ጎረፈ፣ የእህል ዋጋ እዚያ ወረደ፣ ከወዲያም ሸቀጥ መጣ። ቀረጥ የለም፣ ጉምሩክ የለም፣ ናቅፋና ብር በምን ያህል እንደሚመነዘር የወሰነ የለም። ሁሉም ነገር በወንድማማችነት ደስታ ብቻ ተንቀሳቀሰ። በታኅሣሥ ዛላምበሳ ተዘጋ፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሌሎቹም በሮች ተዘጉ። መንገድ ላይ የነበረ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ተመለሰ፤ አቤት የሚልበት ቢሮ አልነበረውም።

ኤዶም ወንድምነት እያለ መንገድ የታጣበት ታሪክ ነው፤ ዛላምበሳ ደግሞ ወንድምነትም መንገድም ተገኝቶ ደንብ የታጣበት። ያን ጊዜ መጻፍ የነበረበት ብዙ አይደለም፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው በር እንደሚያልፍ፣ ለመጫኛና ለማራገፊያ ስንት እንደሚከፈል፣ ምንዛሬው በማን እንደሚወሰን፣ በሩ ሊዘጋ ቢሆን ነጋዴው ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገረው፣ ተሻግሮ የቀረ ጭነት ቢኖር ባለቤቱ በየት በኩል እንደሚያስወጣው። ሁለት የጉምሩክ ሹሞች በጥቂት ሳምንት ተቀምጠው ሊጨርሱት የሚችሉት ሰነድ ነው። አሁንም የአሰብም ሆነ የሌላ ወደብ ጉዳይ ሲነሳ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ይህ ሰነድ ነው።